ልጁ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ፤ ከዚያስ?

ድንገተኛ ክፍል ሲሠራ የታሰበው ለሚታይ ጉዳት ነው። አጥንቱ ለተሰበረ፣ ደም ለሚፈሰው፣ ትንፋሽ ላጠረው። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ሠራተኛው ከአልጋ አልጋ ይሮጣል። ማሽኑ ይጮኻል። እጁ ለተሰበረ ሰው ይሄ ሁሉ ብዙም አያስቸግርም። በጀሶ ይታሰርለትና ወደ ቤቱ ይሄዳል። «መኖር ሰልችቶኛል» ብላ ለመጣች የ13 ዓመት ልጅ ግን ያ ሁሉ መብራትና ጩኸት በጭንቀት ላይ ጭንቀት ነው።

እንዲህ ሆነው የሚመጡ ልጆች በዝተዋል። በአሜሪካ ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 24 የሆኑ ልጆችና ወጣቶች ወደ ድንገተኛ ክፍል በምን ምክንያት እንደሚመጡ ተጠንቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ የአእምሮ ጤና ድርሻ 7.7 በመቶ ነበር። በመጨረሻው ዓመት 13.1 በመቶ ደረሰ። ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ ጋር የተያያዘው ብቻውን ከ0.9 ወደ 4.2 በመቶ ወጣ። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለኮቪድ ይሰጣል። ኮቪድ አባብሶታል፣ እውነት ነው። በ2021 የካቲትና መጋቢት ገደማ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል ተብለው አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የደረሱ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች ቁጥር፣ በ2019 ተመሳሳይ ወቅት ከነበረው በ50.6 በመቶ በልጦ ነበር። በወንዶቹ በኩል ጭማሪው 3.7 በመቶ ነበር። በአመጋገብ መዛባት የሚመጡ ታዳጊ ሴቶች ድርሻም በእጥፍ አደገ። ግን መስመሩ ወደ ላይ መውጣት የጀመረው ከወረርሽኙ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ነው። ኮቪድ የደረሰው ቀድሞውኑ የሞላ ክፍል ላይ ነው።

በጥቅምት 2021 ሦስት ትልልቅ የሙያ ማኅበራት፣ ማለትም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ የሕፃናትና ታዳጊዎች ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) አካዳሚና የሕፃናት ሆስፒታሎች ማኅበር፣ በአንድነት ጉዳዩን «ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ» ብለው አወጁ። በታኅሣሥ ደግሞ የወቅቱ ሰርጅን ጄኔራል (የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም) ቪቬክ መርቲ ሕዝባዊ ማስጠንቀቂያ አወጡ። ቁጥሮቹን ከአሜሪካ የወሰድኩት እዚያ በጥንቃቄ ስለተቆጠሩ ነው። ችግሩ ግን የአንድ አገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የምሰማው አስተያየት «እነዚህ ልጆች ድንገተኛ ክፍል ምን ያደርጋሉ? ቦታቸው አይደለም» የሚል ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንድ ቤተሰብ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጁን ይዞ የሚሄድበት ክፍት በር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ልጁ በሩን ካለፈ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው መጠበቅ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ የሚቀበለው ሰው የለም። መጠበቅ ሕክምና አይደለም። እነዚያን ሰዓታት ወደ ሕክምና የሚለውጥ እውቀት ግን አለ፣ ተፈትኗል፣ ርካሽም ነው። በየቦታው ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው የሚያሳዝነው።

ቤተሰብ ለምን እዚያ እንደሚደርስ መጀመሪያ እንይ። ድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያ ምርጫው የሆነ ወላጅ የለም። ብዙውን ጊዜ ወራት አልፈዋል። ልጁ መተኛት አቁሟል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ትምህርቱ ወርዷል። እናት የአእምሮ ሐኪም ፈልጋ ደውላለች፤ የተሰጣት ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በሀብታሟ አሜሪካ እንኳን ለ100,000 ልጆች ያሉት የሕፃናት ሳይካትሪስቶች ወደ 14 ገደማ ናቸው። በሌሎች ብዙ አገሮች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ከዚያ አንድ ምሽት ነገሩ ይፈነዳል። ክፍት ሆኖ የሚገኘው ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው።

ወላጆች ልብ ቢሉት የምመኘው አንድ ነገር አለ። የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ወቅቱን ያውቁታል። ትምህርት ሲዘጋ በአእምሮ ጤና ምክንያት የሚመጡ ልጆች ይቀንሳሉ፤ ትምህርት ሲከፈት እንደገና ይጨምራሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃም ይህንኑ ያሳያል። ይህ ማለት ትምህርት ቤት ጠላት ነው ማለት አይደለም። ብዙ ልጅ ችግሩ የሚታወቅለት በአንድ አስተማሪ ዓይን ነው። ግን የፈተና ጫናው፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ጉልበተኛው ተማሪ፣ የጓደኞች መራራቅ ሁሉም የሚመለሱት በዚያው ሳምንት ነው። ባለፈው ዓመት ችግር የነበረበት ልጅ ካለ፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማናገር ከተከፈተ በኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሆዷን አሟት መጣች እንበል። ደሟ ታየ፣ አልትራሳውንድ ተነሣች፣ ምንም አልተገኘም። በብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ ማስታገሻ ታዞላት ትሄዳለች። በሌላ ቦታ ግን ነርሷ ወደ እናትየው ዞር ብላ «እናት፣ አንድ አምስት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን። በዚህ ዕድሜ ያሉትን ሁሉ ለብቻቸው ነው የምናናግረው» ትላለች። ከዚያ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ቆማ አትጠይቅም። ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ምነው በሞትኩ ብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ባልኖር ለእኔም ለቤተሰቤም ይሻል ነበር የሚል ስሜትስ? ባለፈው አንድ ሳምንት ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሻል? ከዚህ በፊት ሞክረሽ ታውቂያለሽ? አራት ጥያቄ ነው። ከአራቱ ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለች አምስተኛው ይከተላል፦ አሁን በዚህ ሰዓትስ?

እነዚህ ጥያቄዎች ከነርሷ ጭንቅላት የወጡ አይደሉም። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ተዘጋጅተው በሦስት የሕፃናት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 21 በሆኑ 524 ታካሚዎች ላይ ተፈትነዋል። ውጤቱ በ2012 ታተመ። አደጋ ላይ ካሉት 100 ልጆች ወደ 97 የሚሆኑትን ይለያሉ። ጠይቆ ለመጨረስ 20 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። እኔን በጣም የነካኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። ለአካላዊ ሕመም ብቻ ከመጡት ልጆች መካከልም «አዎ» ያሉ ነበሩ። ባይጠየቁ ኖሮ ማንም አያውቅላቸውም ነበር።

«ስለ ራስ ማጥፋት ብንጠይቃት ያላሰበችውን እናሳስባታለን» የሚል ፍርሃት በወላጆችም በባለሙያዎችም ዘንድ አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም። በኒውዮርክ ግዛት በስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2,300 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2005 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። የተጠየቁት ካልተጠየቁት የባሰ አልተጨነቁም። እንዲያውም ቀድሞ ድባቴ ያለባቸው ወይም ሞክረው የሚያውቁት ሲጠየቁ ቀለል ያላቸው ይመስላል። ለብቻ የተሸከሙትን ነገር አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲጠይቃቸው ነው የሚቀላቸው።

ስለ ወንዶቹ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ድንገተኛ ክፍል በሙከራ የሚመጡት ሴቶች ይበዛሉ። በአብዛኛው ዓለም ራሳቸውን አጥፍተው የሚሞቱት ግን ወንዶች ይበዛሉ። ወንዱ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እያለቀሰ ሳይሆን እየተቆጣ ነው። ግድግዳ መትቶ፣ ተሳድቦ፣ አንዳንዴም በፖሊስ ተይዞ። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዴት ይረጋጋ ብቻ ነው። እጅና እግሩ ይታሰራል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይተኛል። ጥያቄዎቹን የሚያነሣለት ግን አይገኝም። ማሰር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን በጉልበት የተያዘ ልጅ ይጎዳል፣ የያዘውም ሰው ይጎዳል፣ ልጁም ሁለተኛ ወደ ሐኪም መምጣትን ይፈራል። ብዙ ጊዜ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ሰው መቀነስ፣ ምግብና ውኃ መስጠትና ምርጫ ማቅረብ ከመርፌው በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ደግሞ መብራቱን ማደብዘዝ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። ልጁ ታየ፣ ተኝቶ መታከም አለበት ተባለ፣ የአእምሮ ሕክምና አልጋ ግን የለም። ስለዚህ እዚያው ይጠብቃል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እንዲህ ያለው ጥበቃ ከ4 ሰዓት ባይበልጥ ይመከራል ይላል። በተግባር ግን ቀናት ይወስዳል። አንዳንዱ ልጅ ሳምንት ያልፈዋል።

እነዚያ ቀናት ምን ይመስላሉ? ለደኅንነት ሲባል ልብሱን ይቀይራል፣ ስልኩን ይወስዱበታል፣ ገመድና ስለት ያለው ነገር ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል። በር ላይ አንድ ሰው ይቀመጥና ይጠብቀዋል። ሽንት ቤትም አብሮት ይሄዳል። መስኮት ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል። ነርሶቹ በየፈረቃው ይቀያየራሉ፤ አዲስ የመጣው ሁሉ «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ይናገራል። የእያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ይገባኛል። ተደምረው ሲታዩ ግን ለልጁ የሚናገሩት «አጥፍተሃል» የሚል ነው። ታመምኩ ብሎ የመጣ ልጅ እንደ ታሳሪ ተሰምቶት ይከርማል።

የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ የሚደረገው አንዱ ነገር ምናልባት አላስፈላጊ የሆነው ነው፦ የደም ምርመራ። ሐኪሙ ቀድሞ ማረጋገጥ ያለበት ነገር መኖሩ ግልጽ ነው። የስኳር መውረድ፣ የጭንቅላት ምት፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ መመረዝ፣ የመድኃኒት ጠንቅ፣ ሁሉም የአእምሮ ሕመም መስለው ሊመጡ ይችላሉ። ድንገት ግራ የተጋባ ወይም ትኩሳት ያለው ልጅ በደንብ መመርመር አለበት። ታሪኩና የአካል ምርመራው ምንም የማያሳይ ልጅ ላይ ግን የምርመራ ጋጋታ ጠቃሚ እንዳልሆነ የሕፃናት ሐኪሞች ራሳቸው ይመክራሉ። ውጤት እየተጠበቀ ሰዓት ይሄዳል፤ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራቱ ይዘገያል።

በዚያ ሰዓት ሊሠራ ከሚችለው ውስጥ ዋናው የደኅንነት ዕቅድ ነው። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያዘጋጁት ቀላል ወረቀት ነው። ከልጁ ጋር ሆኖ፣ በልጁ አነጋገር ይሞላል። ነገሩ ሲጀምረኝ እንዴት አውቃለሁ? ብቻዬን ሆኜ የሚያበርደኝ ምንድን ነው? ከማን ጋር ብሆን፣ የት ብሄድ ይረሳኛል? ማንን ነው እርዳኝ የምለው? የትኛው ባለሙያ ጋ እደውላለሁ? ቤታችንስ እንዴት ከአደጋ ይጠበቅ? በ2018 የታተመ ጥናት ይህን ዕቅድ ድንገተኛ ክፍል በመጡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ፈትኖ ነበር። ዕቅዱን ሠርተው በ72 ሰዓት ውስጥ ስልክ ተደውሎላቸው ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች፣ በቀጣዮቹ 6 ወራት ራስን ከማጥፋት ጋር የተያያዘ ድርጊታቸው ከሌሎቹ በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ መሆኑን ልብ እንበል። ቢሆንም ለታዳጊ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ ብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎችም ይጠቀሙበታል። ዋጋው የአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት፣ ወረቀትና ስልክ ነው።

ከዕቅዱ ነጥቦች ወላጅ በእጁ ያለው የመጨረሻው ነው። ራስን የማጥፋት ግፊት ብዙ ጊዜ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይወርዳል። በበረታበት ሰዓት አደገኛ ነገር አጠገብ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። «ልቡ ከቆረጠ ሌላ መንገድ አያጣም» የሚባለውን ብዙ ሰው ያምናል። ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑ የተባይ ማጥፊያዎችን ደረጃ በደረጃ ስታግድ ራስን የማጥፋት ሞት በ70 በመቶ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ወደ 93,000 የሚሆን ሕይወት እንደተረፈ ይገምታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ይኸው ሐሳብ ይሠራል። መድኃኒት ሁሉ ይቆለፍበት፤ የአያት የደም ግፊት ክኒንም፣ ያለማዘዣ የሚገዛው ማስታገሻም። ጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። ቢያንስ ሳይጎርስ ይቆለፍበት፣ ጥይቱም ለየብቻ። ልጁ የቁልፉን ቦታ እንደማያውቅ እርግጠኛ አይሁኑ። ልጆች ያውቃሉ።

ከዚያ የመውጫው ቀን ይመጣል። እኔ ዋናው ስብራት እዚህ ነው እላለሁ። በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ የታቀፉ ልጆች ላይ የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት አለ። በአእምሮ ጤና ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች በ7 ቀን ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያያቸው ከሦስቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። በ30 ቀን ውስጥ የታዩት ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጡት። ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለወጡ ሰዎች የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ደግሞ ከሁሉ የከፋው አደጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እንደሆነ ያሳያሉ። ልጁ በብዛት ብቻውን የሚቀረው አደጋው በበረታበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ቤተሰብ በእጁ የያዘው የስልክ ዝርዝር የታተመበት ወረቀት ነው። ከተዘረዘሩት አንዳንዶቹ አዲስ ታካሚ ላይቀበሉ ይችላሉ።

ልጁ እዚያ ሳይደርስ የሚያዝበት መንገድም አለ። የአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት ቤት ድረስ የሚሄድ ቡድን አላት። ወላጅ ወይም ትምህርት ቤት ይደውላል፣ ባለሙያ ይመጣል፣ ልጁን ባለበት ያየዋል፣ ከዚያም ይከታተለዋል። ይህን አገልግሎት ያገኙ ልጆች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በቀጣዮቹ 18 ወራት በአእምሮ ጤና ምክንያት ድንገተኛ ክፍል መምጣታቸው በ25 በመቶ ቀንሷል። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ አሜሪካ 988 የሚባል አጭር የቀውስ ስልክ ከፍታለች። እንግሊዝም በ111 መስመሯ ላይ የአእምሮ ጤና ምርጫ ጨምራለች። ስልክ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያነሣው ሰው ወደ ማን እንደሚልክ ማወቅ አለበት። ግን ጅምሩ ትክክል ነው።

እስከዚያው፣ ልጁን ይዞ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ወላጅ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ስም ዝርዝር ይያዝ። ሐኪሙ ለብቻው ሊያናግረው ሲጠይቅ ይፈቀድለት፤ ልጆች ወላጅ ፊት የማይሉትን ነው የሚናገሩት። የደኅንነት ዕቅድ ካልተሠራ «ይሠራልን» ተብሎ ይጠየቅ። ከመውጣት በፊትም የሚቀጥለው ቀጠሮ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቅ። «እናንተ ደውሉ» ከተባለ «እዚሁ እያለን አብረን እንደውል» ይባል። ቀጠሮው ከሳምንት በላይ የሚርቅ ከሆነ በመሐል ማን ስልክ እንደሚደውል ይጠየቅ። ለትምህርት ቤቱ ምን እንደሚነገርና ማን እንደሚነግር ከልጁ ጋር ይወሰን። ቤት ከደረሱ በኋላ ልጁ ስለ መሞት ደግሞ ካወራ፣ ዕቃውን ለሰው መስጠት ከጀመረ፣ ከነበረበት ጭንቀት ድንገት ያለምክንያት ከተረጋጋ፣ ድምፅ ይሰማኛል ካለ፣ ወይም ምግብና ውኃ እምቢ ካለ፣ ትናንት ወጥተናል ሳይባል ዛሬውኑ ይዞት ይመለስ።